የጣት ዋጋ፡- ስለ እንጨት መላጊያ ማሽንና ስለ ሕጉ

ድሬዳዋ ከማሽን ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከብዶት በቆላው ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ በደቻቱ ዳርቻ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ባቡሩ ሰውና ሸቀጥ ሲያመጣ ጋራዡንም ይዞ መጣ። ሎኮሞቲቭ መፍታትና መግጠም፣ ሰረገላ መጠገን፣ ቶርኖ ሠራተኛውን፣ በያጁን፣ ቀጥቃጩንና አናጢውን በአንድ ግቢ የሚያሰባስብ ሥራ ነው። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ ከምድር ባቡር ሠራተኞች መካከል መፈጠሩም አይገርምም። ከማሽን ጋር የሚውል ሰው ስለ ደመወዙ ሲያስብ ስለ እጁና ስለ እግሩም ማሰቡ አይቀርም።

ዛሬ ማሽኑ ከትልቁ ጋራዥ ወጥቶ በየሰፈሩ ገብቷል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታና የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት መርሐ ግብር ከተስፋፋ ወዲህ፣ በሼድ ተደራጅተው በር፣ መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ወጣቶች ያልታዩበት ከተማ የለም። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ከክብ መጋዙ ቀጥሎ ከፍ ያለ ድምፅ የሚያሰማው ማሽን መላጊያው ነው። ሻካራውን ጣውላ እንደ መስታወት የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ጣትን የሚወስደውም እሱ ነው።

አንባቢ "የሕግ ሰው ስለ መላጊያ ማሽን ምን አገባው?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ክርክር ውስጥ ዳኛው ፊት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁሉ የማሽን ጥያቄዎች ናቸው። መከለያው ነበረ ወይ? ማን አነሣው? ማብሪያ ማጥፊያው ሠራተኛው ከቆመበት ይደረስ ነበር? ሠራተኛው ሥልጠና አግኝቷል? መመሪያ በጽሑፍ ተሰጥቶታል? ማሽኑን ሳያውቁ ሕጉን መተርጎም አይቻልም። ማሽኑን የሚያውቁት ደግሞ ሕጉን ቢያውቁ ብዙ ጣት ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ገበታ ላይ ማቅረብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማሽኑ እንዴት ነው የሚሠራው?

መላጊያ ስንል ሁለት ዓይነት ማሽን ማለታችን ነው። አንደኛው ሠራተኛው ጣውላውን በእጁ እየገፋ በላዩ ላይ የሚያሳልፍበት ነው። የተጣመመውን ገጽ ያቀናል፣ ጠርዙን በማዕዘን ያስተካክላል። ሁለተኛው ጣውላውን በራሱ ጥቅልሎች እየሳበ የሚያስገባና አንድ ወጥ ውፍረት እንዲኖረው የሚያደርግ ነው። ሁለቱን ሥራ በአንድ አካል የሚሠራ ጥምር ማሽንም አለ። ለጣት የበለጠ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም በስለቱና በእጅ መካከል ያለው ጣውላው ብቻ ነው። ጣውላው ሲያልቅ ወይም ሲያመልጥ በመካከል ምንም አይቀርም።

የሁለቱም ልብ ስለቶች የታሰሩበት የብረት ከበሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ4,000 እስከ 6,000 ጊዜ ይዞራል። ሦስት ስለት ያለው ከበሮ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር በአንድ ሰከንድ 250 ጊዜ ይቆርጣል ማለት ነው። የከበሮው ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የስለቱ ጫፍ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሰው ነገሩ ተሰምቶት እጁን ለመሳብ በትንሹ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ይወስድበታል። በዚያች ቅጽበት ስለቱ 50 ጊዜ ያህል አልፏል። "እኔ ንቁ ነኝ፣ ቶሎ እጄን አነሣለሁ" የሚለው ጀግንነት ከዚህ ሒሳብ ጋር አይሄድም።

እዚህ ላይ ከታሪክ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው ዘመን ከበሮው አራት ማዕዘን ነበር። በማዕዘኖቹ መካከል ባለው ክፍተት እጅ ሙሉ በሙሉ ይገባ ስለነበር አደጋው ከጣት አልፎ መዳፍ ይወስድ ነበር። በኋላ ክብ ከበሮ ተሠራ፤ ክፍተቱ ስለጠበበ የጉዳቱ መጠንም ቀነሰ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የእንጨት ሥራ ማሽኖች ደንብ፣ በእጅ በሚገፉ መላጊያዎች ላይ ክብ ከበሮ እንዲገጠም አስገደደ። ብልሃቱ ከመካኒኮች መጣ፤ በየሥራ ቤቱ እንዲገባ ያደረገው ግን ሕጉ ነው። ይህን ነጥብ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አተካከሉ

ማሽን የሚጀምረው ከወለሉ ነው። መላጊያ ከባድና የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ይፈልጋል። በቡሎን ከወለሉ ጋር ታስሮ፣ ውኃ ልክ ተይዞለት፣ እንዳይወዛወዝ መሆን አለበት። የሚወዛወዝ ማሽን ጣውላውን ያዘልላል፤ የሚዘል ጣውላ ደግሞ እጅን ያንሸራትታል። ከፊቱና ከኋላው ረጅሙ ጣውላ ሳይነካካ የሚያልፍበት ቦታ መተው ግድ ነው። በስተጀርባ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ መኖር የለበትም፤ ማሽኑ ጣውላውን መልሶ ሲወረውር የሚሄደው ወደ ገፊው አቅጣጫ ነውና። ብርሃኑ ስለቱ ላይ ጥላ የማይጥል፣ ዓይን የማይወጋ ይሁን።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች በ380 ቮልት፣ በተለምዶ ስሪ ፌዝ በምንለው መስመር ይሠራሉ። እዚህ ላይ አናጢዎች ብዙም ልብ የማይሉት ነገር አለ። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ከተለዋወጡ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። በተቃራኒው የሚዞር ከበሮ ጣውላውን ከእጅ ነጥቆ ወደፊት ይወረውረዋል፤ እጅም ይከተለዋል። ስለዚህ ማሽኑ አዲስ ሲተከል፣ ቦታ ሲቀየር፣ ቆጣሪው ወይም መስመሩ በተነካ ቁጥር፣ ያለ እንጨት ለቅጽበት አብርቶ አጥፍቶ የሚዞርበትን አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ቢቋረጥም ሞተሩ እያቃሰተ ይቃጠላል፤ ለዚህ የሚሆን የሞተር መከላከያ መግጠም ከአዲስ ሞተር ግዢ እጅግ ይረክሳል።

ሦስተኛው መብራት መጥፋት ነው። እንደኛ አገር መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ሁኔታ ከሁሉ የከፋው ማብሪያ የድሮው እንደ ቢላ የሚወርደው ዓይነት ነው። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ ይተወዋል። ስለቱን ለማጽዳት ወይም የተሰገሰገውን ፍቅፋቂ ለማውጣት እጁን ይከታል። በዚያች ደቂቃ መብራት ይመጣል። መብራት ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋ፣ ሲመለስም ሰው ዳግም ካልተጫነው የማይነሣ ማብሪያ በገበያ ላይ አለ። ይህ ማብሪያ የሌለው መላጊያ በኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት የለበትም ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ቀይ የማጥፊያ ቁልፉም ሠራተኛው ከቆመበት ሳይራመድ፣ ሁለት እጁ ቢያዝ እንኳ በጉልበቱ ወይም በወገቡ ሊጫነው በሚችልበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

የመሬት ሽቦውም አይዘንጋ። የድሬዳዋ አፈር ደረቅና አሸዋማ ነው። ደረቅ አሸዋ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ አንድ ብረት መሬት ላይ ወግቶ "ኧርዝ ተደርጓል" ማለት በቂ አይሆንም፤ የተማረ ኤሌክትሪሺያን ለክቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ስለቱና ጠረጴዛው

በእጅ የሚገፋው መላጊያ ሁለት ጠረጴዛ አለው። ጣውላው የሚገባበትና ተልጎ የሚወጣበት። መቀበያው ጠረጴዛ ስለቱ በዙረቱ ከሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ጋር እኩል መሆን አለበት። ማስገቢያው ደግሞ ሊላግ በታሰበው መጠን ዝቅ ይላል። መቀበያው ከስለቱ ከፍ ካለ ጣውላው ጠርዙን መትቶ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሲያስገድደው እጁ ይንሸራተታል። ዝቅ ካለ ደግሞ ጣውላው መጨረሻው ላይ ወደ ስለቱ ይወድቅና ጫፉ ይጎረዳል። ይህን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ኤሌክትሪኩ ተዘግቶ፣ ቀጥ ያለ እንጨት መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተደርጎ በከበሮው ላይ እንዲዘልቅ ይደረጋል። ከዚያ ከበሮው ቀስ ተብሎ ይዞራል። ስለቱ እንጨቱን ነክቶ ትንሽ ብቻ ካንቀሳቀሰው ልክ ነው። ይህ በቀኝም በግራም፣ በሁሉም ስለቶች ላይ እኩል መሆን አለበት።

ስለቶቹ ከከበሮው ገጽ የሚወጡት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር የሚነክሱት መጠን ይጨምራል፣ ጉዳቱም ይከፋል። ስለት ሲቀየር ሁሉም በአንድነት መቀየር አለባቸው። አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ ማድረግ የክብደት ልዩነት ያመጣል፤ በዚያ ፍጥነት ትንሽ የክብደት ልዩነት ኩሽኔታውን ይበላል፣ ማሽኑን ያንቀጠቅጣል። ማሰሪያ ቡሎኖቹን በልኩ ቁልፍ በየተራ ማጥበቅ፣ ከዚያ ከበሮውን በእጅ ሙሉ ዙር አዙሮ የሚነካ ነገር እንደሌለ ማየት ያስፈልጋል። የላላ ስለት ከከበሮው ከወጣ ጥይት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ብሬከር መጥፋት አለበት። በማሽኑ ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። ብሬከሩ ሊቆለፍ የሚችል ከሆነ ተቆልፎ ቁልፉ ስለቱን በሚቀይረው ሰው ኪስ መግባት አለበት። በአራት ሰው የሚሠራ ሼድ ውስጥ አንዱ ሳያይ የሚያበራበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ብዙዎች የተሳለ ስለት የበለጠ አደገኛ ይመስላቸዋል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። የደነዘ ስለት እንጨቱን አይቆርጥም፤ ይመታዋል። ሠራተኛው በኃይል መግፋት ይጀምራል። በኃይል የሚገፋ እጅ ጣውላው በድንገት ሲለቅ የት እንደሚያርፍ መገመት አያዳግትም።

በሥራ ላይ

ከመላግ በፊት እንጨቱን ማየት ይቀድማል። ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን የወጣ ወይም ከፈረሰ ቤት የተገኘ ሞራሌ ሚስማር አያጣም። አንድ የተደበቀ ሚስማር የስለቱን አፍ ይሰብራል፣ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። የተሰነጠቀ፣ የላላ ቁጥር ያለው እንጨትም ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም። ከደጋ እርጥብ ሆኖ የመጣ ባሕር ዛፍ በድሬዳዋ ሙቀት በጥቂት ቀን ይጣመማል፤ ገና ሳይደርቅ የተላገ በር ከወር በኋላ እንደ ጀልባ ሲታጠፍ የሚታየው ለዚህ ነው። ዋንዛም ይሁን ጽድ፣ ጥላ ሥር በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደርድሮ ከርሞ ቢላግ ለሥራውም ለእጅም ይመቻል።

ጣውላው ጎድጎድ ያለው ገጹ ወደታች ሆኖ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሲሆን በሁለት ጫፉ ስለሚቆም አይወዛወዝም። የእንጨቱ ጭረት ከስለቱ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ይገፋል። የድመት ጸጉር ከራስ ወደ ጅራት ሲዳበስ ይተኛል፣ ወደ ኋላ ሲዳበስ ይቆማል፤ የእንጨትም ጭረት እንዲሁ ነው። በአንድ ጊዜ የሚላገው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። "በአንዴ ልጨርሰው" ብሎ አምስት ሚሊ ሜትር መንከስ ጣውላው መልሶ እንዲወረወር ማዘዝ ነው።

እጅ በስለቱ ትይዩ ፈጽሞ አይጫንም። ጣውላው በበቂ መጠን ወደ መቀበያው ጠረጴዛ ሲሻገር የግራ እጅ አስቀድሞ ወደዚያ ይዛወራል፣ ቀኙም በተራው ይከተላል። ቀጭን እንጨት፣ አጭር እንጨትና የጣውላ መጨረሻ በመግፊያ እንጨት እንጂ በባዶ እጅ አይገፋም። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ቁራጭ ባይላግ ይመረጣል፤ ረጅሙን ልጎ በኋላ መቁረጥ የድሮ አናጢዎች ብልሃት ነው። ራሱ በሚስበው ማሽን ደግሞ በሁለቱ ጥቅልሎች መካከል ካለው ርቀት ያጠረ እንጨት አይገባም። ውፍረታቸው የተለያየ ሁለት ጣውላም ጎን ለጎን አይገባም፤ ቀጭኑን ጥቅልሉ ስለማይዘው ተወርውሮ ይመለሳል። ጎንበስ ብሎ ወደ ማሽኑ አፍ መመልከትም የሚያስከትለው ግልጽ ነው።

ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ከበሮው መዞሩን ይቀጥላል። ድምፁ ስለቀነሰ ቆመ ማለት አይደለም። ሙሉ በሙሉ እስኪቆም መጠበቅ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ስለ አለባበስም ማንሣት አለብኝ። የድሬዳዋ ሙቀት ይታወቃል። ሽርጥና ነጠላ ጫማ ለበርጫ ቤት የተመቸ ነው፤ ለመላጊያ ማሽን ግን አይሆንም። የሚንዘላዘል ጨርቅ፣ የክርን ማሰሪያ፣ ቀለበትና ሰዓት ሁሉ ከሚዞር ነገር ፊት መውለቅ አለባቸው። የእጅ ጓንትም እንዲሁ። ብዙ አሠሪዎች ጓንት መስጠትን እንደ ጥንቃቄ ይቆጥሩታል። ጣውላ ሲሸከሙ ጥሩ ነው፤ ማሽኑ ላይ ግን ጓንቱ በስለቱ ተይዞ እጁን ይጎትተዋል። የሚያስፈልገው የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መድፈኛና የአፍንጫ መከለያ ነው። የመላጊያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ90 ዴሲቤል ይበልጣል፤ በየቀኑ የሚሰማው ሰው ቀስ በቀስ ይደነቁራል። የእንጨት ብናኝን ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተራ አስቀምጦታል። ሰጋቱራውን በየቀኑ መጥረግ፣ ብናኙን መሳቢያ መግጠም፣ ካልተቻለም በሩንና መስኮቱን መክፈት የጤናም የእሳት አደጋም ጉዳይ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ሌላም ጉዳይ አለ። ምርቃና ሰውን ንቁ ያደረገው ይመስላል። ድፍረት ይጨምራል፤ ድካምንና ሕመምን ይደብቃል። ሲበርድ ደግሞ ሐሳብ ይበታተናል። ሥራ ቤቶቹ ከባዱን የመላግ ሥራ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ጨርሰው ከሰዓቱን ለመገጣጠምና ለማጣበቅ ቢያውሉት ሙቀቱንም ጫቱንም በአንድ መላ ያልፏቸዋል።

መከለያው የት ነው?

በቅርቡ ድሬዳዋ በነበርኩበት ጊዜ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጎራ አልኩ። መላጊያው እየሠራ ነበር። የስለቱ መከለያ ግን ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ወጣቱን ስለ መከለያው ጠየቅኩት። እድሜዬን አይቶ "አንቱ" ለማለት አልተጨነቀም፤ የድሬ ልጅ ነውና ፈገግ ብሎ "አቦ ተወው! እሱ ሥራ ያዘገያል፤ ለእንግዳ ነው የሰቀልነው" አለኝ። እንግዳ ያለው ተቆጣጣሪውን ነበር።

መልሱ አስቆኛል፤ አሳስቦኛልም። መከለያው የማሽኑ ጌጥ አይደለም። ጣውላው የማይሸፍነውን የስለት ክፍል በሙሉ የሚሸፍን፣ እንደ ጣውላው ስፋትና ውፍረት ከፍና ዝቅ፣ ወጣና ገባ የሚል መሆን አለበት። ያገለገለ ማሽን ተገዝቶ ሲመጣ መከለያው ጠፍቶ ከሆነ በአካባቢ ማሠራት ይቻላል። ስለቱ ድንገት ቢነካው እንዳይፈነጠር ከእንጨት ወይም ከአሉሚኒየም ቢሠራ ይመረጣል። የአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ዝርዝሩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገኛል። በአንቀጽ 92 መሠረት አሠሪ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ የማስተማር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሳየት፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም ነፃ አይደለም። በአንቀጽ 94 ለእሱ ወይም ለሌሎች ደኅንነት ሲባል የተገጠመን መሣሪያ ማንሣት፣ ማበላሸት ወይም ማዛወር የተከለከለ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መከለያ እንግዲህ የሁለት ሰው ጥፋት ነው፤ ያነሣውም ተነሥቶ እያየ ዝም ያለውም ይጠየቃሉ።

ጉዳት ሲደርስ ግን ሕጉ የሚጀምረው ከጥፋት አይደለም። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አሠሪው የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰውነትን ወይም አእምሮን በሚገባ መቆጣጠር በማይቻልበት የስካር ሁኔታ ሥራ ላይ መገኘት ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይቆጠራሉ። "በግልጽ የሰጠውን" የምትለዋ ቃል ልብ ትባል። መመሪያ ያልሰጠ አሠሪ "መመሪያ ጣሰብኝ" ብሎ መከራከር አይችልም። ስለዚህ ከማሽኑ አጠገብ የተለጠፈ፣ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈና በፊርማ የተሰጠ አንድ ገጽ መመሪያ፣ ለሠራተኛው ጣት፣ ለባለቤቱ ደግሞ ማስረጃ ነው።

ክፍያውስ? ለጊዜያዊ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት፣ ሠራተኛው በመድን ወይም በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነ፣ አሠሪው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይከፍላል። ለከፊል ጉዳት የሐኪሞች ቦርድ በሚወስነው መቶኛ ይሰላል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ብንወስድ የዓመቱ 72,000፣ አምስት እጥፉ 360,000 ብር ነው። ቦርዱ ጉዳቱን ለምሳሌ 15 በመቶ ቢለው 54,000 ብር ይሆናል። ለአንድ አናጢ የጣቱ ዋጋ ይኸው ነው። በዘጠኝ ወር ደመወዝ ቀሪ ዘመኑን የሚሠራበትን እጅ ይሸጣል።

ልጆችንም አንርሳ። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። "ሙያ እየለመደ ነው" የሚለው ምክንያት ማሽኑንም ሕጉንም አያለዝበውም።

ከሥራ ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ቢጎዳስ? ለምሳሌ የጎረቤት ልጅ ገብቶ ቢነካው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ማሽኑን የነካው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። የሥራ ቤትን በር መዝጋትና ማብሪያውን መቆለፍ ከጥንቃቄ አልፎ የሕግ ጉዳይም ነው።

ያለ አሠሪ የሚጎዱት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ጥበቃ የሚሠራው አሠሪና ሠራተኛ ሲኖር ነው። አዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በሌላው መሪነት ሥር ሆኖ ለደመወዝ ለመሥራት ሲስማማ ነው። በማኅበር የተደራጁት ወጣቶች ግን እርስ በርሳቸው አሠሪም ሠራተኛም አይደሉም፤ አባላት ናቸው። ትርፉን እንደሚካፈሉ ሁሉ አደጋው ግን አይካፈልም፤ አንዱ ጣት ላይ ብቻ ያርፋል። የተጎዳው ጓደኛ ማንን ይከስሳል? ራሱ ባለ ድርሻ የሆነበትን ማኅበር? ቢከስስስ ማኅበሩ ከማሽኑ በቀር ምን አለው? ብዙ ጊዜ የሚሆነው ጓደኞቹ አዋጥተው ያሳክሙታል። ከዚያ ቀስ በቀስ ከሥራው ይወጣል።

ለዚህ ክፍተት ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ማኅበሮቹ በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ሦስት ነገር ቢያስገቡ ይበቃል። የመጀመሪያው ከትርፍ ላይ በየወሩ ለአደጋ መጠባበቂያ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ መድን ድርጅት ወይም ከግል ኩባንያዎች የሚገዛ የቡድን አደጋ ዋስትና ነው። ሦስተኛው ያለ መከለያ ማሽን የሚያበራ አባል የሚቀጣበት አንቀጽ ነው። ሼድና ብድር የሚሰጠው የመንግሥት አካል ደግሞ ሼዱን ሲያስረክብ፣ አበዳሪው ተቋም ማሽኑን በሊዝ ሲያቀርብ፣ መከለያውንና መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሣውን ማብሪያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ይችላሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1922 ክቡን ከበሮ በየሥራ ቤቱ ያስገባው ይህን መሰል ግዴታ ነበር። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ሕጉ በሰጠው ሥልጣን ሳያስታውቅ በሥራ ሰዓት ይግባ፤ አስታውቆ ሲመጣ የሚያየው ለእንግዳ የተሰቀለውን መከለያ ነው።

አደጋው ከደረሰም መታወቅ ያለበት አለ። ማሽኑ ይጠፋል። ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ፣ እጁ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። የተቆረጠው ጣት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ይታሰራል፤ ከዚያ በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶው ጣቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። ከዚያ ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ድል ጮራ፣ ወደ ሳቢያን ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ነው። ይህን አንቀጽ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል። መከለያው ግን ከሚስማሩ ወርዶ ማሽኑ ላይ ይመለስ።